ዲፓርትመንቱ ይከፈት፤ ላቡ ግን ይቅደም



ሰሞኑን ከጁምዓ ስንመለስም፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ስንቆምም፣ ማታ ዶርም ስንሰባሰብም ወሬው አንድ ሆኗል። "ኮምፒዩተር ምህንድስና ከኤሌክትሪካል ተነጥሎ ራሱን ችሎ ሊከፈት ነው" እየተባለ ነው። ፍሬሽማኖች ደግሞ የዲፓርትመንት ምርጫ የሚሞሉበት ጊዜ ስለተቃረበ ጥያቄያቸው በዝቷል። ባለፈው ሳምንት ብቻ ስድስት ልጆች "አንተ እዚያው ነህና ምን ትለናለህ? እንሙላው ወይስ ይቅርብን?" ብለውኛል። ለስድስቱም የተለያየ መልስ የሰጠሁ ይመስለኛል። አንዱ ሻይ እየጠጣ፣ ሌላው ወደ ክፍል እየሮጠ ሲጠይቀኝ ሌላ ምን ልመልስ? አሁን ግን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ዲፓርትመንቱ መከፈት አለበት። ላቡ ሳይሟላ፣ የሚያስተምረው ሰው ሳይገኝ በስም ብቻ ሊከፈት ከሆነ ግን አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆይ እላለሁ። ይህን ስል አንዳንድ ጓደኞቼ "አንተ አምስተኛ ዓመት ደርሰሃል፣ ምን ቸገረህ?" ይሉኛል። እኔን የሚቸግረኝስ ይኸው ነው፤ ያለፍኩበትን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ፤ ምክንያቱም ከጠየቁኝ ስድስት ልጆች አራቱ ኮምፒዩተር ምህንድስናን ከኮምፒዩተር ሳይንስ ጋር አንድ አድርገውታል። ብዙዎቻችን ቤት ግድግዳው ላይ የካርድ ቆጣሪ አለ። ካርዱን አስሞልተን እንሰካለን፣ ብሩ ሲያልቅ ቤቱ ይጨልማል። በሽቦው የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካው ክፍል የኤሌክትሪካል ምህንድስና ሥራ ነው። አገልግሎት ማዕከሉ ውስጥ ከፋዩን የሚመዘግበው፣ ሒሳቡን የሚይዘው ሲስተም የኮምፒዩተር ሳይንስና የሶፍትዌር ምህንድስና ልጆች ድርሻ ነው። በሁለቱ መሀል ግን ቆጣሪው ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ኮምፒዩተር አለች። ኪቦርድ የላትም፣ ዊንዶውስ የላትም፣ ያላት ማህደረ ትውስታ አንድ የስልክ ፎቶ እንኳን የሚይዝ አይደለም። ይህች ኮምፒዩተር መብራት በድንገት ሲቋረጥ የቀረንን ሒሳብ መርሳት የለባትም። ሙቀትም፣ አቧራም፣ የሚዋዥቅ ኃይልም ችላ ለዓመታት ሳትሳሳት መቁጠር አለባት። ወረዳውን ተረድቶ፣ በላዩ የሚሄደውን ፕሮግራም ጽፎ፣ ሁለቱን የሚያስማማ ሰው ነው የኮምፒዩተር መሐንዲስ የሚባለው።

እንዲህ ያለው ሙያ ከድሮ ጀምሮ ለብቻው የቆመ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ምህንድስና የዲግሪ ፕሮግራም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው ዓመት ኢንቴል 4004 የተባለችውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ፤ በውስጧ ወደ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ባለው ስልክ ፕሮሰሰር ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች በቢሊዮን ነው የሚቆጠሩት። ሙያው ከዚያች ቺፕ ጋር ተወልዶ አብሯት አደገ ማለት ይቻላል። ኋላ ላይ ኤሲኤም እና አይትሪፕልኢ የተባሉት ሁለቱ ትልልቅ የሙያ ማኅበራት ለኮምፒዩተር ምህንድስና ለብቻው የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ አወጡለት፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ተሻሽሎ ደግሞ በ2016። ከኮምፒዩተር ሳይንስም ከሶፍትዌር ምህንድስናም የተለየ ዘርፍ መሆኑ ያኔ በወረቀት ተለየ።

እኛ ጋ ግን በብዛት "ኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምህንድስና" ተብሎ በአንድ ዲፓርትመንት ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ፓወር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮንትሮል፣ ኮምፒዩተር እየተባለ በስትሪም ይከፈላል። ይህ አደረጃጀት መሠረቱን ሰፊ ያደርጋል፤ እኔም ስለ ሰርኪዩት ያወቅሁትን ያወቅሁት በእሱ ነው። ዋጋው ግን የኮምፒዩተሩ ኮርሶች ወደ መጨረሻዎቹ ሴሚስተሮች መገፋታቸው ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተምን፣ ኮምፒዩተር አርክቴክቸርን፣ ኢምቤድድ ሲስተምን ለማላመጥ ጊዜ ሳይሰጠን ዋጥን። ልክ መጣፈጥ ሲጀምር ኢንተርንሺፕ መጣ፣ ከኢንተርንሺፕ ስንመለስ የመመረቂያ ፕሮጀክትና የመውጫ ፈተና ተደራርበው ጠበቁን። ስለዚህ ይነጠል የሚሉት መምህራን እውነት አላቸው። ኮርሶቹ ቀደም ብለው ቢጀመሩ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ተማሪው ሰሌዳ ላይ ቺፕ እየሰካ ቢያድግ፣ የሚወጣው ሰው ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ድረስ ከሁሉም ጋር እስማማለሁ። የምለየው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሦስተኛ ዓመት ሳለን አንድ ትንሽ ሥራ ተሰጠን፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ቁጥር በአንድ የሚጨምር ቆጣሪ መሥራት። ላቡ ዝግ ስለነበር ሁላችንም ፕሮቴየስ በተባለው ሶፍትዌር ላፕቶፕ ላይ ሠራነው። አንዴ ስጫን አንድ፣ ሁለቴ ስጫን ሁለት። ሪፖርቱን ጽፌ አስረከብኩ፣ ጥሩ ማርክም አገኘሁ። ለእረፍት ከተማ ስገባ ባጠራቀምኳት ብር አንዲት የአርዱይኖ ቦርድ ገዛሁና ያንኑ ነገር በእጄ ልሞክረው አልኩ። ቁልፉን አንዴ ተጫንኩት፤ ሦስት አለኝ። ደግሜ ስጫን ሰባት። ሽቦውን ለወጥኩ፣ ኮዱን እንደገና ጻፍኩ፣ ቦርዷ የተበላሸች መስሎኝ የሸጠልኝን ልጅ በልቤ ወቀስኩ (አላህ ይቅር ይበለኝ)። ሁለት ቀን ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ። ቁልፉ ውስጥ ያለው ብረት ሲጫኑት ለጥቂት ሚሊሰከንድ እንደ ኳስ ይነጥራል። ለጣታችን አንድ ጊዜ ነው፤ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ለምትመታ ቺፕ ግን በቂ ጊዜ ስለሆነ እያንዳንዱን ንጥረት ለየብቻ ቆጠረችው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ለአፍታ ታግሦ ደግሞ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ግን ችግሩን ያላየ ሰው መፍትሔውን ከየት ያመጣል? ላፕቶፑ ላይ የሳልኩት ቁልፍ አልነጠረም፤ ስለዚህ እኔ የማላውቀውን እንደማላውቅ እንኳን ሳላውቅ ጥሩ ማርክ ይዤ ወጥቼ ነበር።

አሁን ይህንኑ የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ወደ ቆጣሪው፣ ወደ ሆስፒታል መሣሪያው፣ ፋብሪካ ውስጥ ወዳለው ማሽን አሳድጉት። ላብ ሳይነካ የተመረቀ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ውሃ ሳይነካ የዋና ሰርተፍኬት እንደያዘ ሰው ነው።

ላብ የለም ስል ዕቃ የለም ማለቴ እንዳልሆነም ይታወቅ። ኦሲሎስኮፕ አለ። የቆመው መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ገና ካርቶኑ ውስጥ። ቁልፉን የያዘው ሰው ንብረቱን በስሙ ስለፈረመ ቢበላሽ ከደመወዙ ይቆረጣል ብሎ ይሰጋል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እሰጋለሁ። የላብ ዕቃ ግን የሚበላሽ ነገር ነው። ሬዚስተር ይቃጠላል፣ ቺፕ በተገላቢጦሽ ይሰካል፣ ሽቦ ይበጠሳል፤ ተማሪ የሚማረው በዚያ ነው። አንድ ጊዜ ትልቅ ጨረታ አውጥቶ ውድ ማሽን መግዛትና በየሴሚስተሩ የሚያልቀውን የሽቦና የቺፕ በጀት መርሳት የተለመደ በሽታ ሆኗል። አዲሱ ዲፓርትመንት ይህን በሽታ ወርሶ እንዲወለድ አልፈልግም።

የአክስቴ ልጅ በሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ አዲስ የተከፈተ የቴክኖሎጂ ዲፓርትመንት የመጀመሪያ ባች ነበር። ሲገባ የተባለው ልክ አሁን እኛ የምንባለው ነው፤ "እናንተ ፈር ቀዳጆች ናችሁ፣ ላቡ በመንገድ ላይ ነው።" በመንገድ ላይ እንዳለ ተመረቀ። ከመምህራኑ የሚበዙት እነሱን ከአንድ ዓመት በማይበልጥ የሚቀድሙ፣ ትናንት ተመርቀው ዛሬ ቾክ የያዙ ልጆች ነበሩ፤ ጥፋታቸው አልነበረም፣ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። የሥራ ማስታወቂያው "በኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም በኤሌክትሪካል ምህንድስና" ይላል። የእሱ ዲግሪ ስም ከሁለቱም አይደለም። "ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ" የምትለዋ ሐረግ ካለች ተስፋ አለው፣ ከሌለች መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን አይታ ትመልሰዋለች። "ተዛማጅ መሆኑን ደብዳቤ አጽፈህ ና" ተብሎ ለአንድ ደብዳቤ 400 ኪሎ ሜትር ተመላልሷል። እናቱ ደግሞ ጎረቤት "ልጅሽ ምን ተመረቀ?" ሲላት ስሙን ለመጥራት ትቸገር ነበር፤ አሁን እየሳቅን የምናወራው ይህን ነው፣ ያኔ ግን አያስቅም ነበር።

ይህን የማነሳው አዲስ ነገር አይጀመር ለማለት አይደለም። ለኮምፒዩተር ምህንድስና ስሙ ከብዙዎቹ ይሻላል፣ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ግን ቀጣሪዎች ጋ ቀድሞ ሄዶ ማስተዋወቅ፣ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ዲግሪ በቅጥር መስፈርታቸው እንዲያካትቱ ማነጋገር የዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ደብዳቤ ይዞ እየዞረ የሚሠራው ሥራ አይደለም።

በሌላ በኩል ያለውን ክርክር አላጣጥለውም። አንድ የማከብራቸው መምህር እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ተማሪ ሳይኖር በጀት አይመጣም። መጀመሪያ ተማሪ ተቀብለን፣ ቁጥር አሳይተን ነው ገንዘብ የምንጠይቀው። ሁሉም እስኪሟላ ብንጠብቅ አንከፍትም።" ይህ እውነት ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሠራር ለሚያውቅ ሰው ደግሞ በጣም እውነት ነው። ግን ያንኑ መንገድ ከዚህ በፊት በሰፊው ሄደንበታል። 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ በተባለበት ጊዜ የተማሪው ቁጥር ቀድሞ ሮጠ፣ ወርክሾፑ ከኋላ ቀረ። ዋጋውን የከፈለው ተማሪው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ፈተናው ላብህ ተከፍቶልህ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም።

በሁለቱ መሀል መንገድ ያለ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ነው፤ ሁለተኛው ዓመትም ቢሆን ሒሳቡና የሰርኪዩት ትምህርቱ ከኤሌክትሪካል ጋር ተቀራራቢ ነው። ከባዱ የላብ ሥራ፣ ዲጂታል ዲዛይኑ፣ ማይክሮፕሮሰሰሩ፣ ኢምቤድድ ሲስተሙ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ባች ትንሽ ቢሆን፣ የግዢው ሂደት ሴኔቱ ባጸደቀ ማግሥት ቢጀመር፣ ሁለት ዓመት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ላብ ደግሞ ቅንጦት አይፈልግም። ትንንሽ የማይክሮኮንትሮለር ቦርዶች፣ ጥቂት ኤፍፒጂኤ፣ የሚሠሩ ኦሲሎስኮፖች፣ ካውያና ብዙ ሽቦ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተበላሸውን የሚጠግን አንድ ትጉህ ቴክኒሻን። አርዱይኖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ የተጀመረው ተማሪዎች በርካሽ እንዲሠሩበት ተብሎ ነው። የምፈራው ገንዘቡን ሳይሆን ሁለቱ ዓመታት በስብሰባ እንዳያልቁ ነው።

ለዚህ ነው በተማሪዎች ኅብረት በኩል ለውይይት የምትጠሩ ወንድሞችና እህቶች ስትገቡ "ይከፈት!" ብላችሁ ብቻ አጨብጭባችሁ እንዳትወጡ የምለምናችሁ። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት ፕሮግራም የሚያጸድቀው ሴኔቱ ነው፤ ሴኔቱ ፊት ከመቅረቡ በፊት ደግሞ የፍላጎት ጥናት ይሠራል፣ ሥርዓተ ትምህርቱ በውስጥም በውጭም ባለሙያ ይገመገማል። ተማሪ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ጠይቁ። በኮምፒዩተር ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው ስንት መምህራን ተገኝተዋል? በቋሚነት ነው ወይስ ከሌላ ቦታ እየመጡ በሁለት ሳምንት ኮርስ ጨርሰው የሚሄዱ? ላቡ የትኛው ክፍል ነው? ክፍሉን በዓይናችን እንይ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እዚያ ይደርሳል? በየዓመቱ ለሚያልቅ ዕቃ በጀት ተይዟል? ጥያቄው ያስቆጣቸው ይሆናል፤ አደባችሁን ጠብቃችሁ ጠይቁ እንጂ አትተዉት።

ሁለት ነገር ከራሳችን ሁኔታ ልጨምር። የላብ ሰዓት በአንዴ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ የክፍል እጥረት ባለበት ደግሞ የትም ይወረወራል። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለው ሰዓት ለጁምዓ ክፍት ሆኖ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው እንዲወጣ ዛሬ መነጋገር ይቀላል፤ ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ መምህሩን ማስቸገር ይሆናል። ሁለተኛው የእህቶቻችን ጉዳይ ነው። በእኛ ባች ላብ በስንት ልመና ሲከፈት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነበር። እኛ ወንዶቹ ገባን። እህቶች ግን በዚያ ሰዓት ከላብ ወጥተው በጨለማ እስከ ዶርም መሄድ አይችሉም ነበርና ፕሮጀክቱን እኛ ሠርተን እነሱ ሪፖርት ጻፉ። ያኔ "እየተጋገዝን ነው" እንል ነበር። ዛሬ ሳስበው አላገዝናቸውም፣ ድርሻቸውን ነው የወሰድንባቸው። ከመካከላችን በሎጂክ ዲዛይን ሁላችንንም የምትበልጠው እህት ካውያ ሳትይዝ ልትመረቅ ነው። ላቡ ቀን ይከፈት ማለት ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛው ለጀመዓው። በየፕሮግራማችን አል-ኸዋሪዝሚን እናነሳለን፤ አልጎሪዝም የሚለው ቃል ከስሙ መጣ እንላለን፣ እውነት ነው፣ እናጨበጭባለን። ከዚያ በኋላ ወደ ዶርም ሄደን የሰው አሳይመንት እንገለብጣለን። እኔ ይልቅ አል-ጀዘሪ ቢነሳ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1206 የጻፈው የማሽኖች መጽሐፍ የሚደነቅበት አንዱ ምክንያት መጠኑን፣ አሠራሩን፣ አገጣጠሙን በዝርዝር ማስቀመጡ ነው፤ አንባቢ አይቶ መልሶ እንዲሠራው። የእጅ ሰው ነበር።

እንግዲህ ወደ ስድስቱ ልጆች ጥያቄ ልመለስ። ስሙ ስለሚያምር፣ ወይም ቤተሰብ "ኮምፒዩተር" የሚለውን ቃል ሲሰማ ደስ ስለሚለው፣ ወይም ሶፍትዌር ሠርቶ በርቀት ዶላር ማግኘት ስለምትፈልጉ ከሆነ አትሙሉት። ሶፍትዌር የምትፈልጉ ከሆነ ሶፍትዌር ምህንድስናና ኮምፒዩተር ሳይንስ አሉ፤ ኮዲንግ ብቻ ከሆነ ደግሞ በአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ዶርማችሁ ተቀምጣችሁ መጀመር ትችላላችሁ። አገራችን ውስጥ ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ ስለሌለ "ፕሮሰሰር እሠራለሁ" ብሎ የሚገባም በምርቃቱ ማግሥት ያዝናል። ሥራው ያለው በቴሌኮሙ፣ በባንኮች ኤቲኤምና ኔትወርክ፣ በፋብሪካ ቁጥጥር ሥርዓት፣ በኤሌክትሪክ ቆጣሪውና በሕክምና መሣሪያው ዙሪያ ነው፤ ከሥራውም የሚበዛው ቆሻሻ የሚያስነካ፣ ትዕግሥት የሚጨርስ ነው። ልጅ ሳላችሁ ሬዲዮ ፈታታችሁ መልሳችሁ መግጠም አቅቷችሁ ከተገረፋችሁ ግን፣ ቦታችሁ እዚያ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ላቡ ባይሟላ እንኳን የራሱን ላብ ይሠራል። እሱንም ቢሆን ግን "ራስህ ቻለው" ብለን መተው የለብንም፤ ቦርድ የሚገዛበት ብር ሁሉም ቤት የለም።

ምርጫው ከመዘጋቱ በፊት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከዐሱር እስከ መግሪብ ላይብረሪው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ያችን ቦርድና ያችን ቁልፍ ይዤ እቀመጣለሁ ኢንሻአላህ። ፕሮግራሙን ሳላስተካክል እንደመጀመሪያው አደርገዋለሁ። እህቶችም ወንድሞችም መጥታችሁ አንዴ ተጫኑት። ሦስት ሲላችሁ ከተናደዳችሁና ሄዳችሁ ምሳ ከበላችሁ ሌላ ዲፓርትመንት ሙሉ። ለምን እንደሆነ ሳታውቁ መነሳት ካቃታችሁ ግን እንነጋገር።

ከአምስተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ስትሪም ተማሪ